ወይዘሮ ሸጊቱ በምረቃው በዓል ላይ ያልተገኙበት ምክንያት

ታኅሣሥ 17 ቀን 1990 ዓ.ም.
ላፍቶ

ለክቡር አቶ ቸኮል ማኑሄ
የታሪካዊ ቤቶች ጉብኝት ማስፋፊያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በጽሑፍ እንዳስረዳ የታዘዝኩትን ስለማስረዳት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቀው ደብዳቤ በጤና ጥያቄ መጀመር ስላለበት ብቻ አይደለም። ባለፈው እሁድ ከግቢያችን ሲወጡ ፊትዎ ወዝቶ፣ ድምፅዎም ሞቅ ብሎ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ ሆድዎን እንዴት አድርጎዎት ይሆን እያልኩ ሳስብ ሰንብቻለሁ። እኔና ባለቤቴ ውብነሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጣሪያችንም እንደ ወትሮው ነው።

ታኅሣሥ 14 ቀን የጻፉልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። በዚሁ ደብዳቤዎ፣ የደጃዝማች አየለኝ የመጨረሻ ልጅ የሆኑት ወይዘሮ ሸጊቱ በመኪና ማቆሚያው ምረቃ ላይ በክብር እንግድነት ተጋብዘው፣ የፊት ወንበር ተይዞላቸው፣ የምስጋና ወረቀታቸውም መስታወት ገብቶለት ሳለ፣ ሳይገኙ በመቅረታቸው ጽሕፈት ቤትዎ በእንግዶች ፊት ማፈሩን ገልጸው፣ አብሬያቸው የምኖር እንደመሆኔ ምክንያቱን በሦስት ቀን ውስጥ «በዝርዝር» እንዳስረዳ አዘውኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ትእዛዝን በቀኑ መፈጸም ልማዴ ነው። ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው። ከዚህ በፊት አሽጌ የላክሁልዎ ሦስት ደብዳቤዎች ማንም አስተውሎ ያነበባቸው ስላልመሰለኝ፣ ይህኛውን ሳላሽግ፣ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ ልኬዋለሁ።

ምክንያቱ አጭር ነው። ወይዘሮ ሸጊቱ ሞተዋል። የሞቱት ኅዳር 20 ቀን ሲሆን፣ ያረፉበት አልጋ እርስዎ ቆመው ንግግር ካደረጉበት ቦታ አሥር እርምጃ አይርቅም ነበር። በበዓሉ ዕለት ከሞቱ ሃያ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ስለዚህ መቅረታቸው ጽሕፈት ቤቱን ከመናቅ የመጣ አለመሆኑን በትሕትና አረጋግጥልዎታለሁ።

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ነገር ግን «በዝርዝር» ብለዋልና፣ የበላይ ቃል አክብሬ ዝርዝሩን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ አባታቸው። ወይዘሮ ሸጊቱ የደጃዝማች አየለኝ ልጅ አይደሉም። አባታቸው ሮበሌ ቱሉ ይባሉ ነበር፤ የደጃዝማቹን በቅሎዎች ይጠብቁ የነበሩ ሰው ናቸው። ደጃዝማቹ አንዲት በቅሏቸው ስላነከሰች እኚህን ሰው በግቢው መካከል አስገርፈዋቸዋል፤ ልጅቷም ቆማ አይታለች። አባታቸውን የለወጠላቸው የእርስዎ አስጎብኚ፣ ወጣቱ አዶኒያስ ነው። አንድ ቅዳሜ ለጎብኚዎች ሲያስረዳ አሮጊት ሴት በረንዳ ላይ ተቀምጠው አየና፣ ታሪኩ እንዲያምርለት ብሎ በእጁ እያመለከተ ልጃቸው ናቸው አለ። በማግስቱ ነገሩ በመዝገባችሁ ሰፈረ። እሳቸውም ሲነገራቸው፣ «በሕይወት ሳሉ ስሜን እንኳ አያውቁትም፤ አንቺ ነበር የሚሉኝ። አሁን በስተርጅናዬ ወለዱኝ?» ብለው ሳቁ። ለሰማንያ ዓመት ሴት አዲስ አባት ማስገኘት ለሌላ መሥሪያ ቤት የሚቻል አይደለምና በዚህ አጋጣሚ አድናቆቴን እገልጻለሁ።

2. ስለ ቤቱ። ይህን ደብዳቤ ከእርስዎ ሌላ የሚያነበው ሰው ግቢያችንን አያውቀው ይሆናል። ከላፍቶ ወደ ፉሪ በሚወስደው ኮረኮንች መንገድ ዳር ያለው ይህ ግቢ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሁለት የድንጋይ ቤቶች ነበሩበት። አንደኛው፣ ከበር ሲገቡ በስተቀኝ የነበረው፣ የጽድ እንጨት ሰገነት ያለው ፎቅ ነው። ትርፍ ቤት በተወረሰ ጊዜ ለአምስት አባወራ ተከፋፈለ፤ አምስቱም በየፊታቸው የቆርቆሮ ኩሽና ቀጠሉበት፤ ሰገነቱንም ለብርዱ ብለው በማዳበሪያ ጋረዱት። ስለዚህ ለሚያየው ሰው መልክ አልነበረውም። ሁለተኛው በስተጀርባ ያለው ረጅም ቤት ሲሆን፣ እኔ ከ1969 ጀምሮ ከቀበሌ ተከራይቼ የምኖርበት ነው። ሁለት በቅሎ ጎን ለጎን የሚያሳልፍ በር አለው። በግድግዳው ላይ ስምንት የብረት ቀለበቶች፣ በወለሉ መካከል ወደ ውጭ የሚወርድ የድንጋይ ቦይ፣ በጥጉም ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ትልቅ ገንዳ አለው። ደጃዝማቹ የኖሩት በፎቁ ነው። በእኔ ቤት የኖሩት በቅሎዎቻቸው ናቸው።

ጽሕፈት ቤትዎ ግን በእኔ በር ላይ ባቆመው ሰማያዊ ሰሌዳ «የደጃዝማች አየለኝ መኖሪያና ግብር ቤት» ብሎ ጽፏል። አዶኒያስም ቅዳሜ ቅዳሜ ከአራት ሰዓት ጀምሮ፣ ቀለበቶቹን የጋሻና የጦር መስቀያ፣ ገንዳውን ለሦስት መቶ ሰው ጠጅ የሚቀዳበት፣ የሽንት ቦዩን ደግሞ ጠላት ሲመጣ ከውጭ ካሉ ሰዎች ጋር በምሥጢር የሚነጋገሩበት መስመር ነው እያለ ሲያስረዳ ቆይቷል። ልጁ ድምፁ ያምራል፤ እኔ ራሴ አንዳንድ ጊዜ ላምነው ይዳዳኝ ነበር። አንዲት ጎብኚማ ተንበርክካ ጆሮዋን ቦዩ ላይ አስጠግታ ስታዳምጥ አይቻለሁ። ምን እንደሰማች አልነገረችንም።

3. ስሕተቱ እንዴት እንደተፈጠረ። የካቲት 1989 ሰባት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴዎ ለምዝገባ ወደ ግቢያችን በመጣ ዕለት የዕድራችን ዳኛ እናት ሞተው ሰፈሩ በሙሉ ቀብር ወጥቶ ነበር። በእኛ ዕድር ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ስለዚህ የፎቁ አምስት በሮች ተቆልፈው፣ ወይዘሮ ሸጊቱም ከቀብርተኛው ጋር ሄደው፣ ወገቤን ታምሜ በፈቃድ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። የእኔ ቤት ደግሞ በጥር ልጄን ቤተልሄምን ስድር በኖራ ተለስኖ ገና እንደነጣ ነበር፤ የሠርጉ ዘንባባም ከበሩ ላይ አልተነሣም። ሰባቱ ሰዎች የፎቁን ማዳበሪያ ዐይተው ፊታቸውን አዞሩና ወደ ነጩ ቤት መጡ። ታሪክን በንጽሕናው የሚመርጥ ኮሚቴ በማቋቋምዎ ሊመሰገኑ ይገባል። ከመካከላቸው አንዱ፣ ባርኔጣ ያደረገው፣ «የደጃዝማቹ ቤት ይሄ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ስለ እናንተ ስሕተት ይህን ያህል ጽፌ ስለ ራሴ ዝም ብል ያው እንደ እናንተ መሆኔ ነውና እናገራለሁ። አይደለም ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ሰውዬው ግን ቀና ብሎ ጣሪያዬን ዐየና፣ «የተመዘገበ ቤት ጣሪያው በመንግሥት ይቀየራል» አለ። ያ ጣሪያ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያፈስብን ኖሯል፤ ውብነሽ በክረምት ስድስት ባልዲ ደርድራ ነው የምትተኛው። አፌን ዘጋሁት። ቅጹን ሰጡኝና «ለትክክለኛነቱ ምስክር» በሚለው መስመር ላይ ፈረምኩ። ዕድሜ ልኬን መዝገብ ቤት ተቀምጬ፣ አንድ የተሳሳተ ወረቀት ስንት ሰው ከቤቱ እንደሚያስወጣ በዐይኔ ሳይ ኖሬ ፈረምኩ። እናንተ የተሳሳታችሁት ባለማወቅ ነው፤ እኔ ግን አውቄ ነው። ክቡር ሆይ፣ ከእርስዎ የምበልጠው በዚህ ብቻ ነው።

4. ስለ ጣሪያው። አልተቀየረም። በምትኩ ግንቦት ላይ መመሪያ መጣልን። በመመሪያው መሠረት በቅርሱ ላይ ሚስማር መምታት፣ ኖራ መቀባት፣ ቆርቆሮ መለወጥ፣ የድንጋይ ሥራዎቹንም በውሃ ማጠብና መፈተግ በጥብቅ የተከለከለ ነው። መመሪያውን ከበሩ ጀርባ በሙጫ ለጥፈነዋል፤ ሚስማር ክልክል ነውና። ነሐሴ ላይ ስድስቱ ባልዲዎች ዘጠኝ ሆኑ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ባልዲዎቹንም አልጋዎቹንም ከጉብኝቱ በፊት ወደ ውጭ እንድናወጣ ታዘዝን፤ በግብር ቤት ውስጥ አልጋ አይታይማ።

5. ከዚህ በላይ ያሉት ሁሉ የቤተሰቤ ችግር ናቸውና ይተዉአቸው። የሚከተለውን ግን ሳይቸኩሉ እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

መስከረም 1990 ላይ፣ ጎብኚ ስለበዛ አውቶቡስ የሚቆምበት ቦታና መጸዳጃ ቤት ስላስፈለገ፣ «በግቢው ውስጥ የሚገኘውና ታሪካዊ ፋይዳ የሌለው የተጎሳቆለ ፎቅ» እንዲፈርስ ወሰኑ። ነገሩን ለሚያነብ ሰው በግልጽ ላስቀምጠው፦ የደጃዝማቹን በቅሎ ቤት ሊጎበኙ ለሚመጡ ሰዎች መኪና ማቆሚያ እንዲሆን፣ የደጃዝማቹ ቤት ይፍረስ ተባለ። በፎቁ ውስጥ ለነበሩት አምስት አባወራዎች ወደ ንፋስ ስልክ በኩል ምትክ የቀበሌ ቤት ተሰጣቸው። ስድስተኛዋ ነዋሪ ወይዘሮ ሸጊቱ ነበሩ። እሳቸው በእኔ ቤት፣ በበቅሎዎቹ መካከል ተወልደው፣ በሰባት ዓመታቸው ለእመቤቲቱ እግር አጣቢነት ወደ ፎቁ ወጡ። እመቤቲቱ ሲሞቱ የላይኛዋን ጠባብ ክፍል በቃላቸው ሰጧቸው። በቃል የተሰጠ ነገር በቀበሌ መዝገብ አይገኝምና ምትክ የሚያገኙበት መንገድ አልነበረም። ክፍሏ ፉሪን የሚያይ አንድ መስኮት ነበራት። ጠዋት ጠዋት ደረጃውን ከላይ እስከ ታች ይጠርጉ ነበር፤ አምስቱም ኩሽናዎች እያጠፉት እሳቸው እየጠረጉት ኖረዋል። ሁልጊዜ የሚናገሩት አንድ ነገር ነበራቸው፦ «እዚህ ፎቅ የወጣሁት በሰባት ዓመቴ ነው፤ የምወርደው በቃሬዛ ነው።» ሴትየዋ ከዚህ ዓለም የቀራቸው ምኞት ይህ ብቻ ነበር።

የማፍረሱን ወሬ እንደሰሙ ወደ እኔ መጡ። «ልጄ ሲራክ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ጻፍላቸው» አሉኝ። «የሰዉ ቤትና የበቅሎው ቤት ተምታቶባቸዋል፤ ክፉ ሰዎች አይመስሉም፤ ቢነገራቸው ይመለሳሉ» አሉኝ። መፈረሜን አያውቁም ነበር።

ጻፍኩ። ለመጀመሪያው ደብዳቤ መልስ አልመጣም። ለሁለተኛው፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት የደጃዝማች ቤት ሊኖር እንደማይችል ተገልጾ፣ አንደኛው አስቀድሞ መመዝገቡ ተነገረኝ። ለሦስተኛው የላካችሁልኝ መልስ አንድ ገጽ ብቻ ነበር፤ እኔው የሞላሁት ቅጽ፣ ፊርማዬ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበት፣ ግርጌው ላይ «ከሰላምታ ጋር» የሚል ተጽፎበት። ሠላሳ አንድ ዓመት ብዙ ጨካኝ ደብዳቤ ፋይል አድርጌአለሁ፤ እንደዚህ አጭሩን ግን አላጋጠመኝም። ከእርስዎ ተምሬአለሁ።

ወረቀቱን ለወይዘሮ ሸጊቱ ማንበብ ግድ ሆነብኝ። ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ። ለምን እንደፈረምኩም ስነግራቸው፣ «ጣሪያው ተቀየረልህ?» አሉኝ። አልተቀየረም አልኳቸው። «እንግዲያው ምን አገኘህበት?» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ይህንን ጥያቄ ለእርስዎም አስተላልፋለሁ።

6. ስለ ፈረሰበት ቀን። ጥቅምት 11 ቀን ጠዋት ሠራተኞቹ ዶማና መዶሻ ይዘው መጡ። ወይዘሮ ሸጊቱ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው አልወርድም አሉ። ማንም አልጮኸባቸውም፤ ይህን ለሠራተኞቹ ክብር ስል እመሰክራለሁ። ሁለቱ ጠንካሮቹ ከተቀመጡበት አንሥተው በርጩማ ላይ አስቀመጧቸውና ከነበርጩማው ተሸክመው በዚያ ሲጠርጉት በኖሩት ደረጃ አወረዷቸው። ምኞታቸው በግማሽ ተፈጸመ ሊባል ይችላል፤ ተሸክመው ነው ያወረዷቸው፤ ግን አልሞቱም ነበር።

የፊተኛው ግድግዳ ሲናድ፣ ከቆርቆሮው ኩሽና ጀርባ፣ ከዋናው በር በላይ፣ የደጃዝማቹ ስምና ቤቱ የተሠራበት ዓመተ ምሕረት የተቀረጸበት ድንጋይ ወጣ። የሠራተኞቹ አለቃ፣ ደገፋ የሚባል ፊደል የሚያነብ ሰው፣ ሥራውን አስቁሞ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሰው ላከ። አንድ ሰዓት ያህል ቆመው ጠበቁ፤ እኔም፣ እንግዲህ ተረፈ ብዬ፣ ጎረምሳ እንደሆንኩ ሁሉ ልቤ ሲመታ ነበር። መልስ መጣ። ድንጋዩ ቀደም ባለው ዘመን ከግብር ቤቱ ተሰርቆ የተወሰደ መሆን ስላለበት ወደ ቦታው ይመለስ፤ ማፍረሱ ይቀጥል የሚል ነበር። ዛሬ ድንጋዩ በእኔ በር አናት ላይ በሲሚንቶ ተለጥፎ ይታያል። ሚስማር ነው እንጂ ሲሚንቶ በመመሪያው አልተከለከለም። በሩብ ዓመት ሪፖርታችሁም «ተሰርቆ የነበረ ቅርስ ማስመለስ» ተብሎ በሥራ ውጤት ተቆጥሮላችኋል። እንኳን ደስ ያላችሁ።

7. ስለ አሟሟታቸው። ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ሸጊቱ እኛ ዘንድ ገቡ። አልጋቸውን ያስገባነው ከገንዳው አጠገብ ባለው ጥግ ነው፤ ሌላ የማያፈስ ቦታ አልነበረንም። እሳቸው ጥጉን ሲያዩት፣ «ይሄ የቦራ ቦታ ነው፤ ደግ በቅሎ ነበረች፤ እናቴ እኔን የወለደችኝ እዚሁ ነው» አሉ። ቅዳሜ ሲደርስ እሳቸውንም ከነአልጋቸው ወደ ውጭ እናወጣቸው ነበር። አዲስ በፈሰሰው ጠጠር ላይ ተቀምጠው ቀና ብለው አየር ያያሉ። ምን እንደሚያዩ አንድ ቀን ብጠይቃቸው፣ «መስኮቴን» አሉኝ።

ኅዳር ሲገባ ታመሙ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ ዋሉ። በዚያው ሰሞን የግቢያችን ቧንቧ ለጎብኚዎች መጸዳጃ ቤት ስለተፈለገ ተቆርጦ ነበርና ውሃ ከሩቅ እናስቀዳ ነበር። የታማሚ አልጋ ምን ያህል ውሃ እንደሚፈልግ ያስታመመ ሰው ያውቃል።

ያረፉት ኅዳር 20 ቀን፣ ቅዳሜ ማለዳ ነው። ዕድርተኛው ድንኳን ይዞ መጣ። በግቢው ውስጥ ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ ቢኖር መኪና ማቆሚያው ብቻ ነው፤ ዘበኛችሁ ግን በአራት ሰዓት አውቶቡስ ስለሚመጣ አይቻልም አለ። ድንኳኑ ተጠቅልሎ በር ላይ ቀረ፤ ሴቶቹ ቤት ውስጥ ገብተው አለቀሱ። በአራት ሰዓት አዶኒያስ ሃያ ስድስት ጎብኚዎች አስከትሎ ገባ። ለአፍታ ክው ብሎ ቆመ። ከዚያ ግን ሥራውን የሚወድ ልጅ ነውና ወደ ሰዎቹ ዞሮ፣ ዛሬ ዕድለኞች እንደሆኑ፣ ባህላዊ የለቅሶ ሥርዓት እንደተዘጋጀላቸው በዚያ በሚያምረው ድምፁ ነገራቸው። ፎቶግራፍ አነሱ። ውብነሽ ሙሾዋን አውርዳ ስትጨርስ አጨበጨቡላት። ባለቤቴ ሃምሳ ስምንት ዓመት ስትኖር ለምንም ነገር ተጨብጭቦላት አያውቅም፤ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አፏን ፈትታ አላለቀሰችም።

ማን እንደሞተ ልጁ አልጠየቀም። ኅዳር 25 ቀን ግን ከጽሕፈት ቤትዎ ደብዳቤ ደረሰን፤ የለቅሶው ትርኢት በጎብኚዎች ዘንድ ከፍ ያለ አድናቆት ስላገኘ፣ በየሁለት ሳምንቱ እንዲቀርብ የሰፈሩን ሴቶች በቡድን እንድናደራጅ የሚጠይቅ ነው። ሴቶቹን አነጋግሬያቸዋለሁ። ፈቃደኞች መሆናቸውን፣ ነገር ግን ለእውነተኛነቱ ሲባል በየጊዜው አንድ አስከሬን ከጽሕፈት ቤቱ እንዲቀርብላቸው መጠየቃቸውን በአክብሮት አሳውቃለሁ። ከእርስዎ ቢጀመር ብዙ ሰው እንደሚመጣ ይገምታሉ።

የምረቃው የጥሪ ወረቀት የመጣው በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ መታሰቢያቸውን አብልተን ስንጨርስ ነው። በላዩ «ለደጃዝማች አየለኝ ልጅ» ይላል። እንዲህ የምትባል ሴት በዚህ አድራሻ ኖራም አታውቅ፤ ወረቀቱን በመዝገብ ቤት ልማድ መሠረት ፋይል አደረግሁት።

8. ስለ በዓሉ። በጣም ያማረ ነበር። «ይህን ታላቅ ቤት ከጥፋት ታድገነዋል» ያሉት ቦታ ላይ ፊትዎን ወደ እኔ ግድግዳ፣ ጀርባዎን ወደ ጠጠሩ አድርገው መቆምዎ በተለይ ልቤን ነካው። አዶኒያስም መመሪያውን አክብሮ ገንዳውን በደረቅ ጨርቅ ጠረገው። ከዚያ ሁለት ጋን ጠጅ ተገለበጠበትና፣ እንደ አባቶቻችን ተብሎ፣ እርስዎና ሰባቱ የኮሚቴ አባላት በቀንድ ዋንጫ እየጠለቃችሁ ጠጣችሁ። እርስዎ ሦስት ጊዜ መድገምዎን ቆጥሬአለሁ። ባርኔጣ ያደረገው ሰውዬ ጠጁ ቀመሙ ልዩ ነው ሲል ሰምቼዋለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ከእንግዲህ የምጠይቅዎ ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ የካቲት 1989 የሰጠሁት ምስክርነት ሐሰት ነበርና ፊርማዬን በዚህ ደብዳቤ አንሥቻለሁ፤ ይህ ቤት በቅሎ ቤት ነው፤ ሰሌዳው ይነሣልኝ። ሁለተኛ፣ በመስታወት ያለውን የምስጋና ወረቀት «ሸጊቱ ሮበሌ» ብላችሁ አስተካክሉና ስቀሉት። ቦታውን እኔ አሳያችኋለሁ። ከበር ሲገቡ ሦስተኛው አውቶቡስ የሚቆምበት ጋ ቆማችሁ አምስት ሜትር ያህል ወደ ላይ ብትለኩ፣ መስኮታቸው እዚያ ነበር። ምን ላይ እንደምትሰቅሉት የእናንተ ፈንታ ነው፤ አየር ላይ ምንም በሌለበት ታሪክ ማቆም የምታውቁበት እናንተ ናችሁ።

የተቀሩትን የከተማችንን አሮጌ ቤቶች ከእርስዎ እንዲጠብቃቸው፣ እርስዎንም ከጸጸት ሁሉ ሰውሮ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ ፈጣሪን እየለመንኩ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ሲራክ ተስፋ
በቀበሌ መዝገብ ተከራይ፣ በእናንተ መዝገብ የግብር ቤት ጠባቂ፣ በእውነቱ ግን የቦራ ጎረቤት

ግልባጭ፦
ለሰባቱ የኮሚቴ አባላት፤ አንድ ቅጂ ለሰባት ይበቃል፣ አንድ ላይ ማየት ይወዳሉና
ለወጣት አዶኒያስ፤ ከእንግዲህ ማንም ጆሮውን ቦዩ ላይ እንዳያስጠጋ
ለዕድራችን፤ ድንኳኑ ያልተተከለበት ምክንያት እንዲታወቅ

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስኩት፦ ቧንቧው ስለተቆረጠ፣ ሌላም የሚበቃ ዕቃ ስላልነበረን፣ የወይዘሮ ሸጊቱን የሕመም አንሶላዎች ሁለት ሳምንት ሙሉ የዘፈዘፍነው በዚያው ገንዳ ውስጥ ነበር። ቅርስን በውሃ መንካት ክልክል መሆኑን እያወቅሁ ያደረግሁት ነውና ጥፋተኛ ነኝ። ጥፋቱን ላለመድገም ስንል ግን ከዚያ በኋላ ገንዳውን አላጠብነውም። እሁድ ዕለት ጠጁ ሲገለበጥበት ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ቀና ብዬ ጣሪያዬን ዐየሁና ዘጋሁት።